ሁለት ሰማያዊ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ገፈርሳ ግድብ ዳር ተቀምጬ በውሃ ቀለም ስስል አረፈድኩ። ጥቁር ቀለም ገዝቼ አላውቅም። የባሕር ዛፉን ጥላ የማገኘው ሰማያዊና ቡናማ ደባልቄ ነው፤ ጠርዙን በጣቴ አደበዝዘዋለሁ።

ስመለስ ቡራዩ መግቢያ ላይ ሚኒባሳችን ለፍተሻ ቆመ። ጠዋት መንገዱ ላይ ጎማ ተቃጥሎ ነበርና መሣሪያ የያዘ ፈታሽ ወንዶቹን አስወርዶ እጃችንን ያያል። የእኔ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከቀለም ሣጥኑ ሥር፣ ሱሉልታ ላይ ለጋዜጣ ዘገባዬ ስለ መሬታቸው ያነጋገሩኝ ገበሬዎች ስም የተጻፈበት ማስታወሻ አለ። ከተያዝኩ ይነበባል።

«ጎማ ስታቃጥል ነው ያረፈድከው?»

«የውሃ ቀለም ነው። በውሃ ይለቃል።» አልኩት።

«አሃ፣ ሠዓሊ! እስቲ ታጠብና እንይህ።»

አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት እናት በመስኮት የውሃ ፕላስቲካቸውን አቀበሉኝ። «ሆ፣ እንካ ልጄ።»

ክዳኑን ስከፍት ትዝ አለኝ። ሣጥኔ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ አለ። አንዱ ወዲያው ይለቃል፤ ሌላው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሦስት ቀን ይቆያል። የትኛውን እንደ ደባለቅኩ ማስታወስ አቃተኝ። ጣቶቼን ዘርግቼ ውሃውን አፈሰስኩባቸው።

ውሃው ጠቁሮ ወረደ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ጠራ።

ፈታሹ ፕላስቲኩን ነጥቆኝ ከጎኔ ለቆመው ጎልማሳ ሰጠው። የሰውየው እጅ እስከ አንጓው ጥቁር ነው፤ ውሃው ግን ላዩ ላይ እየተንከባለለ ወረደ እንጂ ምንም አላነሳም። ግሪስ ነበር።

«ጋራዥ ነው የምሠራው፣ አለቃ። የእኔ ያለ ናፍጣ አይለቅም» አለና ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ፈታሹ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

እውነቴን ነበር። እሱን አስቀሩት፤ እኛን «ግቡ» አሉን።

ትንሽ እንደ ሄድን ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሠዓሊ አይደለህም? ግሪስና ጥላሸት አትለይም? የጎማ ጥላሸት አይደለም ብትለው ምን ነበረ?» አሉኝ።

ያነጋገሩኝን ሰዎች ስም ለመጠበቅ ነው ልላቸው ነበር። ግን ያን ሰዓት ስለ ማስታወሻው ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ያሰብኩት እኔንም እንዳያስቀሩኝ ብቻ ነው።