የሚሄድ ታፔላ

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት፣ ወንበር ላይ ሲያስቀምጧት እየወረደች፣ አልጋ ላይ ሲያስተኟት እየዘለለች አስቸግራ፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ጫፍ ስትወረወር በአየር ላይ ቀለቧትና «ይቺ ፌንጣ እንጂ ልጅ አይደለችም» አሉ። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ዛሬ አርባ ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ብርድ ሲነካው ይንቋቋል፣ ፀጉሯም ከግንባሯ በኩል ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። መቀመጥ ግን እስካሁን አልለመደባትም።

በምትሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ከሁሉ አዲስ የሚመስለው ወንበር የእሷ ነው፤ አትቀመጥበትማ። ኮምፒውተሯን ሁለት ካርቶን ላይ ከፍ አድርጋ ቆማ ትሠራለች። ሐሳብ ሲጠፋባት ከመስኮቱ እስከ ማተሚያው፣ ከማተሚያው እስከ በሩ ትመላለሳለች። አለቃዋ በዕድሜ አሥር ዓመት የምትበልጠው ሰው ነው።

«እባክሽ አንድ ቦታ ላይ ቁሚልኝ» ይላታል፣ «አንቺ በዞርሽ ቁጥር ራሴን የሚያዞረኝ እኔን ነው።»

ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንግታ፣ ስኬትቦርዷን፣ ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጣውላዋን፣ በብብቷ ይዛ ከተዘጋው መጋዘን ጀርባ ወዳለው የሲሚንቶ ሜዳ ትሄዳለች። እዚያ የሚንሸራተቱት ልጆች ግማሽ ዕድሜዋን አይሞሉም። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ልጇን ፍለጋ የመጣች እናት መስላቸው ነበር። አሁን የአብዛኛዎቹ ስኬትቦርድ ሆዱ ላይ የእሷ ሥዕል አለበት። ሆድ የሚሉት የታችኛውን ገጽ ነው፤ ልጁ ሲዘል ብቻ የሚታየውን። ከደረጃ ጠርዝ ወይም ከግንብ ጫፍ ላይ ሲንሸራተቱበት ሥዕሉ ይፋቃል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓሣው ጅራቱን፣ ወፏ ክንፏን ታጣለች። ፌንጣ ይህን እያወቀች ትሥላለች፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ትሥላለች።

አሁንም ከወላጆቿ ጋር ነው የምትኖረው፤ አባቷ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ታፔላ ጽፈዋል። የመድኃኒት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ታፔላ፣ ሁሉንም በብሩሽና በእጃቸው ነው የጻፉት። ኩራታቸው የጻፉት ነገር አለመልቀቁ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አፍረው ያውቃሉ። የፀጉር አስተካካዩን አሮጌ ታፔላ በነጭ ቀለም ሸፍነው የመድኃኒት ቤት ጻፉበት፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ነጩ ሳሳና «ፀጉር አስተካካይ» የሚለው ከሥር ብቅ አለ። ሰዎች ፀጉር ሊቆረጡ መድኃኒት ቤት ገቡ። ቤት ውስጥ ይህ ወሬ ዛሬም ያስቃል፣ እሳቸው በሌሉበት።

ኋላ በማሽን የሚታተም ታፔላ መጣና ሥራው ቀረ። ብሩሾቹን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲያማስሉ ማንኪያው ብርጭቆውን እንደ ደወል ይመታዋል። ብሩሽ ይዘው ክንዳቸውን መደገፊያ ዱላ ላይ ሲያሳርፉና ትንፋሻቸውን ሲይዙ ግን፣ እጃቸው ለአንዲት ጭረት ያህል ይታዘዝላቸዋል። ከዚያ ያርፋሉ። ከዚያ ሌላ ጭረት።

ነገሩ የመጣው አንድ የስኬትቦርድ አምራች ለአዲሱ ድረ ገጹ ማስታወቂያ ባዘዘ ጊዜ ነው። ሐሳቡ የፌንጣ ነበር። ገጹ ሲከፈት የአንድ ስኬትቦርድ ሆድ ይታያል፤ «አይቆምም» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ሰው በጣቱ ስክሪኑን ሲያሽ ቀለሙ እየተፋቀ ይሄዳል፣ ልክ ግንብ ላይ እንደሚፋቀው። ለዚህ የአንዱን ጣውላ ሁለት ፎቶ ይፈልጋሉ፤ አንዱ ሳይነካ፣ ሌላው ተፍቆ። ደንበኞቹ ሐሳቡን ወደዱት።

«ፊደሉ ግን በእጅ የተጻፈ መሆን አለበት» አለች ፌንጣ።

«ማን ይጽፈዋል?» አላት አለቃዋ።

«አባቴ።»

ለአምስት ፊደል ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ስለ ሥራው የነገራቸው ሰው ሁሉ «ማስታወቂያ ነው» ብቻ አላቸው፤ ፌንጣም ይፋቃል የሚለውን ቃል ከአፏ ሳታወጣ ቀረች። ዓርብ ጣውላውን ሲሰጧት ሰማያዊው ቀለም ያበራ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ጽሑፍ። ፎቶ አንሺው የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። እስከዚያ ማድረግ የነበረባት ነገር ጣውላውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ አለመንካት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎማ ገጠመችበት። ሚዛኑን ለማየት ያህል ነው፣ አለች ለራሷ። ከዚያ ሜዳው ድረስ ይዛው ሄደች። ከዚያ አንዴ ወጣችበት። አንዴ የወጣ ሰው ደግሞ ግንቡን ያያል። ስትወርድ ገልብጣ አየችው፤ «ቆ» ወገቡ ተቆርጧል፣ መጀመሪያ ያለው «ም» የለም።

አልጋ ሥር ደበቀችው። እሑድ ጠዋት እናቷ ሲጠርጉ መጥረጊያው ጣውላውን ጎትቶ አወጣው።

«ይሄ ምንድነው? ድመት ነው እንዴ የቧጨረው?» አሉ እናቷ፣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው።

አባቷ ከጓዳ ሲወጡ አዩት። አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፌንጣ «ልጄ» መባሏ ቀርቶ «ልጅሽ» ሆነች።

«ልጅሽን በሩን ዝጊ በያት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አጠገብህ አይደል እንዴ የቆመችው? አንተው አትነግራትም?» ይላሉ እናቷ።

«ለሷ ቃል የለኝም።»

ሰኞ ጠዋት ፎቶ አንሺው መጥቶ ተመለሰ። አለቃዋ ጣውላውን አይቶ ግንባሩን ያዘ።

«ደንበኞቹ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ፌንጣ። ሐሙስ! በኮምፒውተር ጻፊውና እንገላገል።»

እስከ ምሳ ድረስ ሞከረች። ዓርብ በስልኳ ያነሳችውን የጣውላውን ፎቶ አይታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስመስላ ሣለች። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ግን ሞተዋል። አባቷ ትንፋሻቸውን የያዙበትና የለቀቁበት ቦታ አይታይም። ከመስኮቱ እስከ ማተሚያው፣ ከማተሚያው እስከ በሩ ተመላለሰች። አንድ ጊዜ በሩ ጋ ደርሳ አልተመለሰችም፤ ቀጥታ ቤቷ ሄደች።

«አባዬ፣ ድጋሚ ጻፍልኝ» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ።

አባቷ ወደ እናቷ ዞሩ። «ለልጅሽ ንገሪያት። ሦስት ቀን ትንፋሼን ይዤ የጻፍኩትን በአንድ ከሰዓት ድንጋይ ላይ ፈተገችው። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ጻፍልኝና ልፈትግ ነው የምትለው? እጄ ስንት ታፔላ የቀረው ይመስላታል?»

ስንት እንደቀረው ፌንጣም ሳታስበው አልቀረችም።

እናቷ የሚያጥፉትን ልብስ አስቀመጡ። «ሄደህ እየው» አሉ። «ያላየኸውን ነገር አትስደብ። ሄደህ አይተህ፣ ከዚያ በደንብ አድርገህ ስደባት። እኔም አግዝሃለሁ።»

ሄዱ። ፌንጣ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ አባቷ ደክሟቸው ነበርና ከፊታቸው ያገኙት የግንብ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ እዚያ ላይ አይቀመጡ! ይገጭዎታል!» ብላ ጮኸች ጠጠር የሚሏት ቀጭን ልጅ፣ በአንድ እግሯ እየገፋች። ለጥቂት ስታቸው አለፈች።

አባቷ በርግገው ሲነሱ እጃቸው ጠርዙን ያዘ። መዳፋቸውን አዩ፣ ቀጥለው ጠርዙን። ሲሚንቶው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶበታል። ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጫሩት።

«የኔ ሰማያዊ ነው» አሉ። «ጥቁር ጠብ አድርጌበታለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አይበጠብጠውም።»

ለማን እንደተናገሩ አይታወቅም፤ እናቷ አብረው አልመጡም። ፌንጣ ትንፋሿን ያዘች።

ጠጠር ተመልሳ መጣች። «የፌንጣ አባት ነዎት? ቅዳሜ የያዘችውን የጻፉት እርስዎ ነዎት? ከዚያ ማዶ ሆኜ ነው እኮ ያነበብኩት! ስትዘል፣ አንዴ ብልጭ ሲል፣ አይቆምም ይላል።»

«ስትዘል አነበብሽው?»

«አዎ። ያቺን ታህል ሰከንድ።»

አንድ ልጅ ዘለለ፤ የጣውላው ሆድ ታየና ጠፋ። ሌላው ዘለለ። አባቷ አንገታቸውን እያስረዘሙ ሁሉንም ለማንበብ ይሞክራሉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «ታፔላው ቆሞ ነው፣ ሰው የሚሮጠው። እዚህ ሰው ቆሞ ታፔላው ይሮጣል።» ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ደግሞ መሃሉ ላይ ነው ያስጻፍሽኝ! የሚፈተገው መሃሉ ሆኖ ሳለ! ሰው ባለሙያ አያማክርም? እስከ ረቡዕ ጠዋት። ክፍሌ እንዳትገቢ።»

«እሺ አባዬ።»

«ይፋቃል ብትይኝ ኖሮ…» አሉና ተዉት።

ሁለት ቀን በሩ ተዘጋ። ፌንጣ ሥራ ቦታ ዞረች፣ ቤት ዞረች፣ ደረጃ ወጥታ ወረደች። ከክፍሉ በር ሥር የቀለም ሽታ ይወጣል፤ አንዳንዴ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። እናቷ ምግብ አስገብተው ሲወጡ ትጠይቃለች።

«ምን ላይ ደረሰ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በወረቀት ይሸፍንብኛል። በዚህ ዕድሜው ተማሪ ሆኗል፣ ትኮርጃለሽ ይለኛል።»

ረቡዕ ጠዋት ጣውላው ተጠናቆ ወጣ። ፊደሎቹ አሁን ወደ ሁለቱ ጫፍ ተበትነዋል፤ መሃሉን ሰማያዊ ቀለም ብቻ ሞልቶታል። ፎቶ አንሺው አነሳው። ከሰዓት ደግሞ ሜዳው ላይ ፌንጣና ጠጠር እየተቀባበሉ ግንቡ ላይ ተንሸራተቱበት። ስድስተኛው ላይ ጠጠር ወረደችና ጣውላውን ገለበጠችው።

«ፌንጣ፣ ነይ! ከሥሩ ሌላ ነገር አለ።»

መሃል ላይ፣ ሰማያዊው በሳሳበት፣ ነጭ ፊደል ብቅ ብሏል።

«ቁጭ… በይ» ብላ አነበበች ጠጠር። «ማነው እኔን ቁጭ በይ የሚለኝ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ፌንጣ ሜዳው ላይ ቆማ ቀረች። የፀጉር አስተካካዩ ታፔላ ታወሳት። ለዓመታት ያፈሩበትን ነገር አባቷ አውቀው ሠርተውታል።

የተፋቀው ጣውላ ሁለተኛ ፎቶ ቢሮ ሲደርስ አለቃዋ ግን አልሳቀም። «ስኬትቦርድ ሊሸጥ ለመጣ ሰው ነው ቁጭ በይ የምንለው? አጥፊው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።»

እውነቱን ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ፎቶውን ከፈተች፣ ማጥፊያውን አነሳች፣ ከ«ቁ» አናት ትንሽ ነካች። እዚያ ላይ፣ ጭረቱ መሃል፣ ነጩ አንዲት ጊዜ ወላወል ብሏል። አባቷ ትንፋሽ ያጠራቸው እዚያ ነው። ፌንጣ የነካችውን መለሰችው።

«እንዳለ ይዩት» አለች። «ካልወደዱት ፊታቸው አጠፋዋለሁ።»

«ካልወደዱት ሥራው እኮ ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ።»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣችው ደንበኛ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ስክሪኑን በጣቷ አሸችው። ቀለሙ ተፋቀ። አነበበች። አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄን ማን ነው ያለው?»

«አባቴ» አለች ፌንጣ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እየሄደች።

«ለማን?»

«ለኔ።»

ሴትየዋ ፌንጣ ስትመላለስ አየቻት። አንዴ ሄዳ እስክትመለስ ጠበቀች። «ይገባኛል» አለች። ከዚያ እንደ ደንበኛ ሁሉ፣ «ጽሑፉ ትንሽ ተለቅ ቢል?»

«አይቻልም። የእጅ ነው።»

«እሺ፣ ይቅር።»

ገጹ በሳምንቱ ተከፈተ። ፌንጣ ስልኳን ለአባቷ አቀበለቻቸው። «በጣትህ እሸው።»

ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ወዲያና ወዲህ፣ ያለ ዕረፍት። የጤነኛ ሰው ጣት ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በእሳቸው ጣት ሥር ሰማያዊው በአንድ አፍታ ረገፈ። አባቷ ጣታቸውን አንስተው አዩት፣ ሌላ ሰው የሰጣቸው ይመስል።

«ምን ይላል?» አሉ፣ እያወቁ።

«ቁጭ በይ ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል፣ ልጄ?»

ፌንጣ ወንበር ሳበችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር መርገብገብ ጀመረ፤ እናቷም ሻዩ እንዳይደፋ ሦስቱንም ብርጭቆዎች ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።