ማንም ያልጠራው ጭፈራ

ይህን ሳወራ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ምኑ እንደሚያስቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። በደርግ ጊዜ ናዝሬት የትራክተር መካኒክ ሳለሁ ለሥልጠና ጣሊያን ተላክሁ። አንድ የበጋ እሁድ ኮረብታ ላይ ወደተሰቀለች መንደር ወሰዱኝ። ነዋሪው ሁሉ ጎዳና ወጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሽማግሌው ከባልቴቷ ጋር በአኮርዲዮን ይሽከረከራል።

እኔ እንደ ደንቡ ስም መዝጋቢውን ፈለግሁ። ሰልፍ ወጥቶ ያልተመዘገበ ሰው የቀበሌ ስኳሩ እንደሚታገድ ማን ያጣዋል? መዝጋቢ ግን የለም። ጨነቀኝ። በመጨረሻ ወይን የምትቀዳዋን ሴትዮ በምልክት ለምኜ ወረቀት ላይ አስፈረምኳት። ብርጭቆዋንም ወረቀቱ ላይ ብታሳርፈው ክብ ቀይ ማህተም ወጣበት።

አገሬ ስገባ የፈራሁት ደርሷል። ያን ዕለት ቀበሌያችንም ሰልፍ ስለነበረው ቀሪ ተብዬ ስኳራችን ታግዷል፤ ባለቤቴ ሻይዋን በጨው ትጠጣለች። ወረቀቴን ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥኩ። ማህተሙን አተኩረው አዩት።

«ሰልፍ ነው ወይስ ስብሰባ?»

«ጭፈራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማን ቀሰቀሳቸው?»

«ማንም።»

«የቀረውስ ምን ተቀጣ?»

«ምንም።»

«አትቀልድ እንጂ ሰውዬ! ታዲያ ለምን ወጡ?»

«ደስ ብሏቸው።»

ሊቀመንበሩ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ስኳሬንም ፈቀዱልኝ። በማግስቱ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን አናጋው፦

«የቀበሌያችን ነዋሪ በሙሉ፣ እሁድ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ደስታው ይጨፍራል! የቀረ ስኳር የለውም!»