የአባቴ ወገን ዘጠኝ ቤት

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ ጊዜውም ሽማግሌዎች እኔን ሊያጩ አይከል ከተማ ቤታችን የመጡበት ጥር ነው። አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ።

እንደ ወጉ፣ የሚጋቡት እንዳይዛመዱ የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእናቴ ወገን ያለ ችግር ተቆጠረ። በአባቴ በኩል ግን ከአያቴ ማለፍ አልተቻለም። አያቴ በአሥመራ በኩል የመጣ ስዊድናዊ አናጢ ነበር፤ አባቴ ገና ሲድህ እሱ ሞተ። ይኸን ጊዜ የባሌ እህት፣ "ምነው ትለፋላችሁ? የዚች ዘር የሚጀምረው ከመርከብ ነው" አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጋብቻው አልቀረም፤ ስሙም አልቀረም። በአማቾቼ ቤት ሃምሳ ዓመት "ባለመርከቧ" ስባል ኖርኩ።

አምና የልጅ ልጄ ልትታጭ ነው ሲባል፣ ያ ሳቅ በልጅቷ ላይ እንዳይደገም ቆረጥኩ። ከአያቴ የቀረን አንድ የመዝሙር መጽሐፍ ነው፤ በውስጡ ሙሉ ስሙና የሰበካው ስም ተጽፏል። አዘዞ የምታስተምረው ልጄ በኮምፒውተር ለዚያ ሰበካ ጻፈች። የድሮ መዝገብ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መለሱ፤ እንዲህ ያለ አባትና ልጅ የለም አሉ። ሦስት ወር ሙሉ እሳቸው መዝገብ ሲያገላብጡ እኔ አልፈለጉም እያልኩ አማኋቸው።

በመጨረሻ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን እንደኛ አገር የአባቱ ነው ብዬ ለልጄ አስጽፌያታለሁ። ለካ የአያቱ ነው፤ በእሱ ዘመን የአያት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሰው አባቱ እያለ እንዴት በአያቱ ይጠራል ብለን ከልጄ ጋር ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ልክ እንደኛው እያንዳንዱ በአባቱ የሚጠራ ስለሆነ ቆጠራው እንደ ውኃ ወረደ። ከአባቴ ጀምሮ ዘጠኝ ቤት ሞላ፤ አያቴ ከመሰደዱ በፊት ሁሉም ገበሬ፣ ሁሉም የአንድ መንደር ሰው። ቄሳቸው ቤት ለቤት እየዞረ ሰውን እያስነበበ በመዝገብ ያሰፍር ነበር አሉ፤ በአንደኛው ስም አጠገብ "ንባቡ ደካማ፣ ጠባዩ ሸጋ" ተብሎ ተጽፏል። ጠባዩን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ ንባቡን ለማንም አላነሣሁም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን በመጀመሪያ የባሌ ወገን ተጠየቀ። እሱ ስላረፈ የምትቆጥረው ያችው እህቱ ናት። ተኮፍሳ ጀመረችና ስድስተኛው ላይ ቆመች። ጣቶቿን ዘርግታ እንደገና ከአባቷ ጀመረች፤ እንደገና ስድስተኛው ላይ ቆመች። ሰባት ካልሞላ ሽማግሌዎቹ እሺታ ሳይሰጡ ይሄዳሉ።

"ይረፉ እትዬ፤ ቀስ ብሎ ይመጣል" አሏት አንዱ ሽማግሌ።

እኔ ሰባተኛውን አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ስትኮራበት ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ዘጠኙንም ያለ ወረቀት ቆጠርኩ። ሽማግሌዎቹ የፈረንጆቹን ስም ሊደግሙ ሲሞክሩ ምላሳቸው እየተሳሰረ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"እመቤት፣ ሰባት ይበቃ ነበር" አሉኝ።

"ሁለቱ ምርቃት ናቸው" አልኩ።

ከዚያ የእሷን ሰባተኛ ነገርኳቸውና ተቀመጥኩ።