ለማንደፍሮ ያላደረስኩት ሰላምታ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ስንቱን ኃጢአት ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ከገዳሪፍ እህል ገበያ በደስታ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁና ልናገር ቆረጥኩ። እናንተው ፍረዱኝ።

አገር ቤት ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ እኔ እዚህ ሱዳን ሀዋታ አካባቢ የአንድ ሱዳናዊ ሰሊጥ እርሻ ላይ ወኪል ነበርኩ። ወኪል ማለት ባለቤቱ በሌለበት ቀጥሮ የሚያሠራ፣ የሚቆጣ፣ የሚያዝ ሰው ነው። ሠራተኞቼ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጡ ልጆች ናቸው። እዚያ በረሃ ስልክ አይሠራም፤ ያለችን የኔ ሬዲዮ ብቻ ነች። ወታደሩ ከግንባር በሬዲዮ ዘፈን ይመርጣል፣ የዘመዱን ስም ከነሰፈሩ ይጠራል፣ የሰማ ላልሰማ ያደርሳል። ይሄ በመካከላችን ሕግ ነበር። የተጣላህ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ሰላምታውን ከሰማህ ሄደህ ትነግረዋለህ።

ማንደፍሮ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ በአጨዳ የሚደርስበት የለም። ታላቅ ወንድሙ ይርጋ ሊዘምት ሲነሣ ተጣልተው፣ ማንደፍሮ "ሬሳህን እንኳ አላይም" ብሎት ነው የተለያዩት። ያ ቃል እንቅልፍ ነስቶታል። ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ማጭዱን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል።

የዚያን ዕለት ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የመዝናኛ ዝግጅት ነበረው። አንዱ ቀልደኛ ስንቁን አይጥ እንደበላበት ለአዛዡ ሲያስረዳ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም፣ "እየሳቃችሁ እጨዱ! የምታጭዱት በጥርስ ነው እንዴ?" እያልኩ እጮኻለሁ። ወላሂ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር! ከሰዓት በኋላ ማንደፍሮን ከትራክተሩ ጋር ወደ ራሃድ ወንዝ ውኃ እንዲያመጣ ላክሁት። ሌሎቹም አጨዳውን እየገፉ ራቁ፤ እኔ ዳሱ ሥር ብቻዬን ቀረሁ። ይርጋ የተናገረው ያን ጊዜ ነው።

"ሀዋታ በሰሊጥ ሥራ ላይ ላለው ወንድሜ ለማንደፍሮ፤ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለኅዳር ሚካኤል እናታችን ቤት ነኝ። እኔ ቂም የለኝም፤ ና እንተያይ።" ቀጥሎ ዘፈኑ ተለቀቀ።

ሰማሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ለሚካኤል አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰሊጡ ደግሞ አፉን መክፈት ጀምሯል፤ በዚያ ሳምንት ካልታጨደ ረግፎ የወፍ ቀለብ ነው። ማንደፍሮ ከሄደ ሌሎቹም "እኛስ ሚካኤል የለንም ወይ?" ብለው ይከተሉታል። ይህን ሁሉ ያሰላሁት ዘፈኑ ሳያልቅ ነው። እጄን ሰደድኩና ሬዲዮዋን ዘጋኋት።

ማንደፍሮ ሲመለስ ከትራክተሩ እንኳ ሳይወርድ፣ "ጋሼ፣ የወታደሮቹ ሰላምታ አለፈ እንዴ? የኔን ሰው አልሰሙትም?" አለኝ።

"ዘፈን ብቻ ነው የነበረው" አልኩት።

"ይሁን፤ ብቻ ደኅና ይሁንልኝ" አለና በርሜሉን ማውረድ ጀመረ።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ባለቤቱ አስገድዶኝ ነው? አላስገደደኝም። ቸግሮኝ ነው? ጠግቤ ነበር። ጎበዝ ወኪል ለመባል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሰማሁት እኔ፣ የዘጋሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ። ሰሊጡ በጊዜው ገባ፤ ባለቤቱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በዓረብኛው "በጣም ጥሩ" ለማለት "ተማም!" አለኝ። ተማም! ድንቄም!

ይርጋ ወንድሙን ጠብቆ ጠብቆ ወደ ግንባር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ማንደፍሮ አጨዳው አልቆ አገር ቤት ሲገባ ነው ወንድሙ ጠርቶት እንደነበር ከእናቱ የሰማው። በዓመቱ ለሥራ ሲመጣ፣ "ለካ በሬዲዮ ጠርቶኝ ነበር ጋሼ፤ ሞገዱ ጠፍቶ ይሆን?" አለኝ። እኔም፣ "የሬዲዮዋ ድንጋይ ደክሞ ነበር" ብዬ በውሸቴ ላይ ውሸት ጨመርኩ። ይርጋ ሞቷል ብዬ ቆርጬ ነበር። ሁለቱን ወንድማማቾች ሳይታረቁ ለሞት የሰጠሁ እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ኅዳር አሳለፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ገበያው ውስጥ ሰሊጥ ሳስጭን "ጋሼ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንደፍሮ ነው። አጠገቡ ግራ እግሩን የሚጎትት ረጅም ሰው ቆሟል። "ይርጋ እኮ ነው! ተማርኮ ኖሮ በሕይወት ተመለሰልን!" አለኝ። ተመስገን፣ ተመስገን አንተ አምላክ! ሰዉ እያየኝ የይርጋ አንገት ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ደረቴ ላይ የተጫነው ኩንታል ወረደልኝ።

ይርጋ ሳቅ ብሎ፣ "ያኔ ስጠራው ሳይመጣ ሲቀር፣ አሁንም አልበረደለትም ብዬ አዝኜ ነበር" አለ።

ማንደፍሮ ቀልጠፍ ብሎ፣ "ጋሼ ቢሰሙማ ኖሮ በትራክተር ነበር የሚያደርሱኝ!" አለው።

እኔስ? አሁንም ዝም! ከዱላም የባሰ አመመኝ።

ነገ ምሳ ጠርቻቸዋለሁ። ሰሊጡን አላመካኝም፤ ባለቤቱንም አልጠቅስም። ቢሰድቡኝ ይስደቡኝ፣ ጥለውኝ ቢወጡም እውነት አላቸው። ከሞተ ሰው ይቅርታ አይጠየቅም፤ ይርጋ ግን አለ፣ ይሄው በእግሩ ይመጣል። ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ "ማንደፍሮ፣ ሰምቼ ነበር" እለዋለሁ።