ጋሽ ሰይፉ እና ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረው መዋዕለ ሕፃናት

አይሆንም። ጋሽ ሰይፉ ሞቱ ሲሉኝ እንዴት ልመን?

ቅዳሜ ዕለት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር። «ሐኪሙ ጨው ከለከለኝ፤ የቀረኝ ወሬ ነው፣ እሱንም ሊከለክለኝ ነው መሰለኝ» ሲሉኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ሰናይት ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ፣ የማን አባት ልላት ምንም አልቀረኝም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ሰይፉ አርክቴክት ነበሩ፣ የአራዳ ልጅ። በደርግ ጊዜ ፒያሳ በነበረ አንድ የመንግሥት የዲዛይን መሥሪያ ቤት እሳቸው ፕላን ያወጣሉ፣ እኔ ድራፍቲንግ ክፍል ቁጭ ብዬ በቀለም እስላለሁ። ዛሬ «አረንጓዴ ሕንጻ» ምናምን እያልን ስብሰባ የምንቀመጥለትን ነገር፣ እሳቸው ያኔ ስም ሳያወጡለት ይሠሩት ነበር።

አዲስ ንድፍ ይዘን ስንቀርብ ስለ ውበቱ አይጠይቁም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ፀሐይዋን አማክራችኋታል?» ይላሉ። ጠዋት በየት እንደምትገባ፣ ከሰዓት በየት እንደምትዞር ካልነገርናቸው ወረቀቱን ዞር ብለው አያዩትም። «አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ በነጻ የሚሞቅ ቤት መሥራት እየቻልን ሰው ለምን ይንቀጠቀጣል?» ይሉ ነበር።

ሌላው አመላቸው ፈራሽ ቤት ነው። አሮጌ ቤት ፈረሰ ከተባለ ምሳቸውን ትተው ይሄዳሉ። የጥድ ጣውላ፣ ጥርብ ድንጋይ፣ መስኮት፣ ማጠፊያ ሳይቀር ለቅመው ይመለሳሉ። እኛም «ቆራሌው» ብለን ስም አወጣንላቸው። ሰምተው ይቀየማሉ ብለን ስንፈራ፣ በማግስቱ በሩ ላይ ቆመው እንደ መንደር ቆራሌ «ቆራሌው! የተሰበረ ማስመሪያ፣ ያረጀ አለቃ ያላችሁ!» ብለው ጮኹ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ይኸው አመል ነው ኋላ ጣጣ ያመጣባቸው።

እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት እንዲሠራ ታዘዘ። ፕላኑ ከላይ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ ለቆላም ለደጋም አንድ። እንዳለ ቢሠራ ክፍሎቹ ፊታቸውን ለእንጦጦ ንፋስ ይሰጣሉ፣ ግቢው መሐል የቆመው ትልቅ ወይራም ይቆረጣል። ጋሽ ሰይፉ ሕንጻውን ወደ ምሥራቅ አዞሩት፣ ወይራውን ተዉት። ሲሚንቶ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ዘመን፣ ግድግዳውን እዚያው ግቢ በፈረሰው የመኳንንት ቤት ድንጋይ አስጀመሩት። የቤቱን ትልቅ የእንጨት በርም ለመግቢያው አዋሉት።

ሰኞ ሰኞ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበረን። ተሰብስበን አንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፣ ሌላው ይጨምርለታል። አንድ ሰኞ ተራው የጋሽ ሰይፉ ሆነና የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ተነሣ።

«ጓድ ሰይፉ፣ የሰፊው ሕዝብ ልጆች በፊውዳል በር ይግቡ ነው የሚሉት?»

ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም፤ ከዚህ ባነሰ ተጠይቆ የቀረ ሰው እናውቅ ነበር።

«ሂሱን ተቀብያለሁ ጓድ» አሉ ጋሽ ሰይፉ ቀስ ብለው። «በሩን ግን የሠራው አናጢ ነው። ፊውዳሉ መዶሻ ጨብጦ የሚያውቅ ይመስልዎታል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው ግን አልሳቀም። ፕላኑን ወደ ቀድሞው ለመመለስ የእሳቸው ፊርማ ያስፈልግ ነበርና፣ «ተሳስቻለሁ ብለው ይፈርሙ፤ አለዚያ ቆላ፣ ሰፈራ ጣቢያ ይመደባሉ» አላቸው።

ባለቤታቸው እርጉዝ ነበሩ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን። ኮሪደር ላይ ጠብቄ «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይፈርሙ! ዛፍ ነው እኮ!» ብዬ ለመንኳቸው።

«ፍሬ፣ ዛፉስ ይሁን። ልጆቹ ግን እዚያ ውስጥ ይበርዳቸዋል። እያወቅሁ እንዴት ልፈርም?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አልፈረሙም። ሄዱ።

የሰፈሩ እናቶች ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ድንጋይ እየተቀባበሉ ግድግዳውን አስጨረሱት። ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ ማን ደፍሮ ያፍርሰው? ሰናይት ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች፤ አባቷ የለም። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው፣ በወባ ከስተው ሲመለሱ፣ ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ሥር ተደብቃ «ሰውዬው ይሂድ» አለች።

ባለፈው ዓመት ያ መዋዕለ ሕፃናት ሲፈርስ ልነግራቸው ፈርቼ ነበር። «ድንጋዩንስ ማን ወሰደው?» ነው ያሉኝ። ቤት የሚሠራ ሰው በአይሱዙ ጭኖት ሄደ ስላቸው «እሰይ! ካልተደፋ ይበቃኛል» አሉ። በሕንጻው አልተቆጩም። የሚቆጫቸው ሌላ ነበር። ስንጫወት ቆይተን ድንገት «ፍሬ፣ ልጄን በድያታለሁ አይደል?» ይሉኛል። አንድም ቀን ደህና መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ጋሼ፣ ሳይሰሙት እንዳይሄዱ ብዬ ነው የምጽፈው። ሰናይት ዛሬ ስልኩ ላይ እያለቀሰች ምን አለችኝ መሰለዎት? «አባዬ ያልነበረበት ጊዜ የት እንደገባ እኮ አውቃለሁ። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። አንድም ቀን በርዶኝ አያውቅም። ለእሱ ግን እንዲህ ብዬ ነግሬው አላውቅም።»

እኔ ነገርኩዎት። አልበደሏትም ጋሼ። አሁን ልብዎን ጥለው ይተኙ።