ያቃጠልኩት ሌዘር

ይህን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከየት እንደምነሳ አላውቅም። ከማሽኑ ልነሳ።

ታላቅ ወንድሜ ቆቦ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ክፍሎቹን በየተራ ከአዲስ አበባ እያስመጣ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ትንሽ ማሽን ገጣጠመ። እሱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ የእንግሊዝኛውን መመሪያ የማነብለት እኔ ነበርኩ። "እስቲ የኛ ሸኽ፣ ኪታቡን ግለጠው፤ ምን ይላል?" እያለ ይቀልድብኛል።

ከዚያ ሌዘር አማረው። እንጨት ላይ ጽሕፈትና ሐረግ እያቃጠለ የሚያወጣ፣ ጡጫ የሚያህል ዕቃ ነው። በአልጋ ራስጌ ላይ የሙሽሮችን ስም ሊጽፍበት አሰበ። እዚያው ቆቦ ሱቅ ያለው፣ የልጅነት ጓደኛው የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አመጣለት።

"ሳታነብ እንዳትነካው" ብሎኝ በር ሊገጥም ዋጃ ሄደ።

አነበብኩ። ግማሹን። ማሽኑን በሚያዘው ቦርድ ላይ የመቅረጫው ሞተር የሚሰካበት ቦታ አለ። የሌዘሩ መሰኪያ እዚያ ልክክ አለ። ልክክ ሲልልኝ ቀሪውን ገጽ ተውኩት። ሲመለስ በርቶ ያገኘዋል ብዬ ነው። ቦርዱ ለሞተሩ የሚልከው ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ሌዘሩ የሚችለው አሥራ ሁለት። ኃይሉን ከሌላ ቦታ ነበር ማግኘት የነበረበት፤ ከቦርዱ ትእዛዝ የምታመጣለት ደግሞ ሌላ ቀጭን ሽቦ ነበረችው። ይህ ሁሉ ባላነበብኩት ገጽ ላይ ተጽፏል። ሰማያዊ ብርሃን አንዴ ብልጭ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ በቃ።

ጠራርጌ በመጣበት ካርቶን ውስጥ መለስኩት። ወንድሜ ሲመጣ "አይበራም፤ ሲመጣም የሞተ ነው" አልኩት። አመነኝ። ለምን አያምነኝም?

በማግስቱ ይዞት ነጋዴው ሱቅ ሄደ። ተከተልኩት።

"አንተ፣ ለኔ የሞተ ዕቃ?"

"ወላሂ ሳልሞክረው አልገዛሁም! ዓይኔ እያየ ካርቶን በስቷል።"

"በወላሂህ አትነግድ!"

ገበያ ቀን ነበር፤ ከጎብዬ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ቆመው ይሰማሉ። አንድ በርበሬ ሻጭ "በጥርሱ ይሆናል የበሳው" ብሎ አሳቃቸው። እኔ ከወንድሜ ጀርባ ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰላምታ አቋረጡ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ወባ ነው ብለን ቀለል አድርገን ያየነው ትኩሳት በአራተኛው ቀን ወንድሜን ወሰደው።

ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ሸኹ የቅርብ ዘመድ ጠሩ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ የቆምኩት እኔ ነኝ። እንደ ልማዱ "ወንድሜን አፉ በሉት፤ እሱ ላይ ሀቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ አለኝ የሚል ለኔ ይንገር" አልኩ። "አፉ ብለናል" አለ ሕዝቡ። ነጋዴው ከኋላ እየገፋ መጣ።

"በሰው ፊት አዋርዶኝ ነበር" አለ። "አፉ ብዬዋለሁ። አላህም አፉ ይበለው።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አስከሬኑ እዚያው ነበር። "አላህ ይስጥልኝ" ብቻ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሥራ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ካርቶን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሌዘሩን አገላብጦ አየው።

"ሰው አጭበርባሪ ያለኝ ለዚህ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ያኔ ብትነግረው ምን ያደርግህ ነበር?"

አሰብኩ። "አንድ ቀን ይቆጣኝ ነበር። ከዚያ ይስቅብኝ ነበር።"

"አፉ በለኝ" አልኩት።

"የኔን አፉ ብያለሁ። የወንድምህን ሀቅ ግን እኔ አፉ ልልህ አልችልም።" ካርቶኑን መለሰልኝ። "ገበያ ቀን ና። ያን ቀን የሰሙት ይሄንንም ይስሙ።"

ሄጄ ሱቁ ደጃፍ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። በርበሬ ሻጩም ነበረ።

"የትኛው ሌዘር?" አለኝ።

ረስቶታል። ወንድሜ ግን አልረሳውም ነበር። በዚያ ሱቅ በር ላለማለፍ፣ እስከታመመበት ቀን ድረስ በጀርባው መንገድ እየዞረ ነበር ሥራ የሚገባው።