በቴሌቪዥኑ ጥግ የወጣው መልእክት

አርባ ዓመት ሙሉ አናጢ ሆኜ ስኖር እንጨት ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። የዚህን ቤት በርና መስኮት፣ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበትን መደርደሪያ ሳይቀር የሠራሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

እሁድ ዕለት ወንዱ ልጄ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «አባዬ፣ የልጆቹን ፎቶ በትልቁ ላሳይህ። ሽቦ እንኳ አያስፈልገውም» አለኝ። ከዋይፋዩ ጋር አገናኝቶ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ሲያደርግ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ድቅን አለ። የልጅ ልጆቼን ሳይ፣ አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ እንደደረስን፣ ጥጉ ላይ የሴቷ ልጄ መልእክት ብቅ አለ፦ «ሽማግሌው እሺ አለ? ቤቱን የሚገዛው ሰውዬ ነገ መልስ ይፈልጋል።»

ደሜ ፈላ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ሽማግሌው ትበለኝ!

ልጄ ደንግጦ ላፕቶፑን ሊከድነው ሲል «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት።

«አባዬ፣ ላንተው ብለን እኮ ነው። ደረጃው እየከበደህ ስለሆነ…»

«ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ! ለእኔ ካሰባችሁ እኔን መጠየቅ ምን ገደላችሁ? ሳትለኩ ትቆርጣላችሁ! ቁጭ በልና መልስላት፤ እኔም እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። እያንዳንዱ ፊደል ቴሌቪዥኑ ላይ ጡብ አክሎ ይወጣል፦ «አባዬ አንብቦታል።»

«አባዬ የሚለውን አጥፋው» አልኩት። «ሽማግሌው አንብቦታል በላት።»